የተሳሳተች ሳንቲም ወይስ የተጎዳች? እንግዳ ሳንቲም ሲገጥማችሁ እንዴት ትለያላችሁ

ቲክቶክ ላይ ያን ዓይነት ቪዲዮ ያላየ የለም። ሰውየው ተራ ፔኒ (የአሜሪካ 1 ሳንቲም) በሁለት ጣቱ ይይዝና «ይህች እቤታችሁ ካለች ሀብታም ናችሁ» ይላል። ቪዲዮው በቴሌግራም ከዘመድ ወደ ዘመድ ይዞራል። በየቤቱ የዝርዝር ማጠራቀሚያው ይገለበጣል። ሲገለበጥ ደግሞ የሆነ ነገር መገኘቱ አይቀርም። የጠቆረ ኳርተር (25 ሳንቲም)፣ ዙሪያዋ የተጨፈለቀ ዳይም (10 ሳንቲም)፣ ፊደሏ የተደረበ የሚመስል ፔኒ። ጥያቄው ያኔ ይመጣል። ይህች ነገር የማተሚያ ቤት ስህተት ናት ወይስ ዝም ብላ የተበላሸች?

ሰብሳቢዎች ገንዘብ የሚያወጡት ሳንቲሟ ከማተሚያ ቤት ይዛው ለወጣችው ስህተት ነው። ከወጣች በኋላ መኪና ቢሄድባት፣ አሲድ ቢነካት፣ መሬት ውስጥ ብትቀበር ጉዳት ይባላል። ዋጋዋም ፊቷ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ችግሩ፣ ሁለቱ በፎቶ ሲታዩ አንዳንዴ መንታ ይመስላሉ።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ማሽኑ ይህን እንዴት ሊያደርግ ይችላል? መንገዱን ማሳየት ካልቻላችሁ ስህተት አይደለም። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» ማለት መልስ አይሆንም። ጉዳት የፈለገውን መልክ ሊይዝ ይችላል። ስህተት ግን ማሽኑ የሚፈቅድለትን መልክ ብቻ ነው የሚይዘው።

በብዛት የማወራው ስለ አሜሪካ ሳንቲሞች ነው። በደንብ የተጠኑት እነሱ ናቸው፤ የብዙ አንባቢም ኪስ ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው። የነሱ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኛን ሳንቲም ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

መጀመሪያ ማሽኑን እንወቅ

ሳንቲም ለመሥራት ረጅም ዝርግ ብረት ይቀርብና ክብ ክብ እየሆነ ይቆረጣል። ክቦቹ ምድጃ ገብተው ይለሰልሳሉ፤ ይታጠባሉ፤ ዙሪያቸው ትንሽ ከፍ እንዲል ይደረጋል። ከዚያ እያንዳንዱ ክብ በሁለት ማኅተሞች መካከል ይገባል። ማኅተም የምለው ምስሉ ተገልብጦ ያለበትን ጠንካራ ብረት ነው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ዙሪያውን ደግሞ ብረቱ ተስፋፍቶ እንዳይሄድ የሚይዝ ቀለበት አለ። አንድ ምት ነው፤ አለቀ።

ስለዚህ የስህተት መነሻ ሦስት ቦታ ብቻ ነው። ወይ ክቡ ብረት ችግር አለበት፤ ተቆርሷል፣ ቅቡ ጎድሏል፣ ወይም የሌላ ሳንቲም ብረት ነው። ወይ ማኅተሙ ችግር አለበት፤ ምስሉ ተደርቦበታል፣ ተሰንጥቋል፣ ቅባት ደፍኖታል። ወይ ደግሞ ምቱ ላይ የሆነ ነገር ተፈጥሯል፤ ብረቱ መሃል አልገባም ወይም ሁለት ጊዜ ተመትቷል።

ይህን ማወቅ ፍለጋውን ያቀለዋል። የማኅተም ስህተት ያ ማኅተም የመታቸው ሳንቲሞች ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይደገማል። ስለዚህ የታወቁት ስህተቶች በዓመታቸውና በማተሚያ ቤታቸው ፊደል (የት እንደተመቱ የምትናገር ትንሽ ፊደል ናት) ተመዝግበዋል፤ የናንተን ከተመዘገበው ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። የብረትና የምት ስህተት ግን እያንዳንዱ ብቻውን ነው። እዚያ ላይ ዳኛው የማሽኑ ጠባይ ነው።

ሚዛን፣ ማግኔት ወይስ ማጉሊያ?

አንዱን ብቻ ግዛ ብትሉኝ ሚዛን እገዛለሁ። 0.01 ግራም የምትለይ፣ ወርቅ ቤት የምታዩዋት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን። ማጉሊያ ለጀማሪ ጣጣ አለው። አሥር እጥፍ ሲጎላ ጭረቱ ሁሉ ተአምር ይመስላል። ማግኔቷ ደግሞ ፍሪጅ ላይ ተለጥፋላችኋለች፤ ወጪ የላትም።

ቁጥሮቹን ያዙልኝ። ኳርተር 5.67 ግራም፣ ኒክል (5 ሳንቲሟ) 5.00፣ ዳይም 2.27። የመዳብ ፔኒ 3.11፣ መዳብ የተቀባችው የዚንክ ፔኒ 2.50። ከመዳብ ወደ ዚንክ የተዞረው በ1982 ስለሆነ የዚያ ዓመት ፔኒ ሁለቱንም ዓይነት ልትሆን ትችላለች። ከ1965 በፊት ያለች ኳርተር የብር ስለሆነች 6.25 ትመዝናለች። ለኳርተር ወደ ላይም ወደ ታችም 0.23 ግራም ገደማ፣ ለዚንኳ ፔኒ 0.10 ግራም የተፈቀደ ልዩነት ነው። ከዚህ ውስጥ ያለ መዛነፍ ወሬ አይደለም።

ሦስቱም ዕቃዎች ተሰልፈው የሚሠሩት በ1943 ፔኒ ላይ ነው። ያን ዓመት መዳቡ ለጦርነቱ ተፈለገ። ፔኒ ዚንክ በተቀባ ብረት ተሠራች። መልኳ ነጭ ነው፤ 2.7 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ማግኔት ይስባታል። ካለፈው ዓመት የተረፉ ጥቂት የነሐስ ክቦች ግን ከማሽኑ ሳይወጡ ቀርተው በ1943 ማኅተም ተመቱ። ከነሱ መካከል ከ200 ሺህ ዶላር በላይ የተሸጡ አሉ። ያን የሰማ ሁሉ የብረቷን ፔኒ መዳብ መቀባት ጀመረ። ስለዚህ ቀይ የ1943 ፔኒ ከገጠማችሁ ማግኔቷን አስጠጉ። ከሳባት ጨዋታው አበቃ። ካልሳባት መዝኑ። 3.11 ካለች ደግሞ የመጨረሻዋን ቁጥር በማጉሊያ እዩ፤ የ1948ን 8 ግማሽ ፍቀው 3 ያደረጉ አሉ።

ቀብቶ ማሳለፍ እኛም ጋ የቆየ ሙያ ነው። በ1936 ዓ.ም. በወጣው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገንዘብ ስሙኒዋ የመዳብ፣ ሽልንጓ የብር ነበረች። ስሙኒዋን ብር ቀብቶ በሽልንግ ዋጋ የሚያሳልፍ በዛ። መፍትሔው የስሙኒዋን ዙሪያ ሞገድ ሞገድ ማድረግ ሆነ። ሁለቱንም ዓይነት የያዘ ሰው ዙሪያዋ ያልተለመደውን «ስህተት ናት» ብሎ ሊሸጥላችሁ ቢሞክር አትሸወዱ። ሆን ተብሎ የተደረገ ለውጥ ነው።

ቀለም ብቻውን አይመሰክርም

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የቡናማ ኳርተር ፎቶ ይለጠፋል፤ ሥሩ «የመዳብ ኳርተር፣ ብርቅ!» ይባላል። ሁለት አማራጭ አለ፤ አንዱ ብርቅ፣ ሌላው አፈር።

ኳርተርና ዳይም እንደ ሳንዱች ናቸው። መሃላቸው ንጹሕ መዳብ ነው። ከላይና ከታች ደግሞ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል ተጣብቆባቸዋል። አንዳንዴ ከመመታቷ በፊት ከሁለቱ ንጣፎች አንዱ ተልጦ ይወድቃል። ያኔ አንዱ ፊቷ ቀይ መዳብ፣ ሌላው ነጭ ሆና ትታተማለች። እውነተኛ ስህተት ይህ ነው፤ ጥሩ ዋጋም አለው። ንጣፏ የጎደለባት ኳርተር 4.7 ግራም አካባቢ ትመዝናለች፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ንጣፍ የክብደቷ አንድ ስድስተኛ ነው። በጎን ስታዩዋት ነጩ መስመር በአንድ በኩል ብቻ ነው ያለው። ቀዩ ፊት ላይ ምስሉ ሙሉ ነው፤ ምናልባት ትንሽ ደከም ይላል። ቀዩ ፊት ላይ ምስል ከሌለና ሻካራ መስመር መስመር ብቻ ከሆነ ንጣፉ የተላጠው ከተመታች በኋላ ነው።

አፈሯስ? ሁለቱም ፊቷ ቡናማ ነው፤ ጠርዟም ቡናማ ነው። መሬት ውስጥ የከረመች ሳንቲም ጥቃቅን ጉድጓድ ይበዛባታል። ሚዛን ላይ ስትወጣ 5.6 ምናምን ትላለች። የሚገርመው ነገር ነጩ ንጣፍ ራሱ ሦስት አራተኛው መዳብ ነው። ኒክልም እንደዚያው፤ 75 በመቶ መዳብ፣ 25 በመቶ ኒኬል። አፈርና እርጥበት ሲያገኘው የተደበቀው መዳብ መልኩን ያወጣል። ብረት ፈልገው በማሽን መሬት የሚፈትሹ ሰዎች እንዲህ ያለ ኳርተር በጣሳ ነው ያላቸው።

ፔኒ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚያስደንቀው ነጭ መሆኗ ነው። ነጭ ፔኒ አራት ነገር ልትሆን ትችላለች። አንደኛዋ የ1943ቷ ናት፤ እሷን ጨርሰናል። ሁለተኛዋ የትምህርት ቤት ሥራ ናት። የአሜሪካ ተማሪዎች በኬሚስትሪ ክፍል ፔኒን በዚንክ ለብጠው ነጭ ያደርጓታል፤ ከዚያ እሳት ላይ ሲያሞቋት ዚንኩና መዳቡ ተዋሕደው ወርቃማ ትሆናለች። «የብር ፔኒ» እና «የወርቅ ፔኒ» ተብለው ከሚለጠፉት ብዙዎቹ የዚህ ላቦራቶሪ ልጆች ናቸው። ሦስተኛዋ አሲድ የላጣት የዚንክ ፔኒ ናት። ፊደሏ የሟሟ ሳሙና ይመስላል፤ ውፍረቷም ቀጭን ነው።

አራተኛዋ እውነተኛዋ ናት፤ ሳትቀባ ያለፈችው የዚንክ ፔኒ። እዚህ ላይ የምመካበት ሚዛን አይረዳኝም። መዳቡ ከጠቅላላ ክብደቷ 2.5 በመቶ ብቻ ስለሆነ ቢኖርም ባይኖርም ልዩነቱ 0.06 ግራም ገደማ ነው። ከተፈቀደው መዛነፍ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ፊደሏን እዩ። የሊንከን ጢምና የዓመቱ ቁጥር ጫፋቸው ስለታም ከሆነ፣ መልኳም ወጥ የሆነ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ከሆነ ለባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው። ከፊደሎቹ ሥር፣ ጥግ ጥጉ ላይ፣ የመዳብ ቅሪት ከታየ ግን አሲድ ነው። አሲድ ገላጣውን ቶሎ ይበላል፤ ጥጉን ይዘነጋል።

የዚንክ ፔኒ ሌላም አመል አላት። ቅቧ ሥር አየር ይቀርና ቆዳዋ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል። መነሻው ማተሚያ ቤት ነው፤ ማንም ግን ገንዘብ አያወጣበትም፤ ብዛቱ ለጉድ ነው። አረፋው ሲፈነዳ ዚንኩ ይጋለጥና ነጭና ጥቁር ቁስል ይሆናል። ያ ቁስል እየሰፋ ይሄዳል እንጂ አይመለስም።

ብረት ላይ የተቀቡ ሳንቲሞች ደግሞ ይዝጋሉ። ከ1992 ወዲህ ያሉት የእንግሊዝ 1 እና 2 ፔንስ፣ የዩሮዎቹ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲሞች እንዲህ ናቸው። ከኛም የ1969 ዓ.ም. 5 እና 10 ሳንቲሞች ማግኔት አይስባቸውም፤ በኋላ ዓመታት ከወጡት መካከል ብረት ላይ የተቀቡትን ግን ይስባቸዋል። ጠርዟ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካያችሁ ዝገት ነው። «ሁለት ቀለም ሳንቲም» የሚል ስም አታውጡላት።

ወርቃማ ኳርተርስ? ከ1999 እስከ 2008 የየክፍለ ግዛቱ ኳርተር ሲወጣ የግል ነጋዴዎች ወርቅ ቅብ እያደረጉ በሣጥን ሸጠዋል። ሃያ አምስት ሳንቲም ናት፤ ፓርኪንግ ክፈሉባት።

አሁን ደግሞ ቀለም ዋጋ ወደሚጨምርበት ቦታ እንምጣ። ብር ነው። የብር ሳንቲም አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር እየተገናኘ ስስ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ብርሃን ይከፋፈልበትና ቀለም ያሳያል፤ ዝናብ ያራሰው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት የሚያሳየውን ዓይነት። ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቀይና ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ። የድሮ የካርቶን አልበም ውስጥ የከረመች ሳንቲም ከመሃሏ ወደ ጠርዟ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቃ ትታያለች። አንዱ ቀለም ሌላው ውስጥ ቀስ ብሎ ይሟሟል። ከፍ ባሉት ፊደሎች ዙሪያ ቀጭን ያልቀለመ ድንበር ይቀራል።

ሰው ሠራሹ ይቸኩላል። ቢጫውን ዘሎ ደማቅ ሰማያዊ ላይ ያርፋል። ድንበሩ በድንገት ይቆረጣል፤ እንደ ፈሳሽ የተንጠባጠበ ቅርጽ አለው። ከሁሉ የሚያጋልጠው ጭረት ነው። ቀለሙ ጭረቱ ውስጥም ገብቶ ከተኛ፣ ሳንቲሟ መጀመሪያ ተፈግፍጋ፣ ከዚያ ቀለም ተሰጥቷት ማለት ነው። በእሳት፣ በድኝ፣ በኬሚካል የሚያቀልሙ አሉ። ስክሪን ላይ ያለ ፎቶ አይታችሁ ደማቅ ቀለም አትግዙ፤ ፎቶ ላይ ቀለም መጨመር ደግሞ የአንድ ጣት ሥራ ነው።

ድርብ ፊደል፦ ማኅተሙ ነው ወይስ መንቀጥቀጡ?

የስህተት ዓለም ንግሥት የ1955 ፔኒ ናት። ማኅተሙ ሲዘጋጅ ምስሉ ሁለት ጊዜ ተጫነበት፤ ሁለተኛው ጊዜ ትንሽ ዞር ብሎ። ወደ ሃያ ሺህ ገደማ ሳንቲሞች ከማተሚያ ቤት ወጡ። ዓመቱና ከሊንከን ራስ በላይ ያለው ጽሑፍ ያለ ማጉሊያ ሁለት ሁለት ሆኖ ይነበባል። ዛሬ ከሺህ ዶላር በላይ ትሸጣለች። የ1972ም የዚህ ዘመድ ናት። የ1995ቷ ግን ብዙ ስለተገኘች ዋጋዋ መጠነኛ ነው።

ይህን የሚመስል ግን ዋጋ የሌለው ድርብ አለ። ምቱ ሲያበቃ ማኅተሙ በደንብ ካልታሰረ ይንቀጠቀጥና የታተመውን ፊደል ጎኑን ይገፋዋል። በየጥቅሉ የሚገኝ ነው። ሁለቱን ማምታታት የጀማሪ ሁሉ ዕጣ ነው፤ መለያው ግን ከባድ አይደለም።

ማጉሊያ ያዙና አንድ ፊደል ላይ ብቻ አተኩሩ። የዓመቱ ቁጥር ውስጥ ያለ 9 ይሁን። እውነተኛው ድርብ ላይ ሁለት 9ኞች አሉ። ሁለቱም ክብ ጀርባ አላቸው፤ ሁለቱም ከፍታ አላቸው። በሚለያዩበት ጥግ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ትታያለች። ቁጥሩ በጠቅላላው ወፍሯል። መንቀጥቀጡ ላይ ግን ያለው አንድ 9 ነው፤ ከጎኑ ዝርግ፣ የሚያብለጨልጭ ደረጃ ተጠግቶታል። ደረጃው ከየትም አልመጣም፤ ከራሱ ከ9ኙ ተቆርሶ የተገፋ ብረት ነው። ስለዚህ 9ኙ ከጤነኛው ቀጥኗል። ወፈረ ወይስ ቀጠነ? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ሁለተኛ ምስክርም አለ። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ የማተሚያ ቤቷ ፊደል፣ ዲ ወይም ኤስ፣ በየማኅተሙ ላይ በእጅ ነበር የምትመታው፤ ያውም ምስሉ ከተጫነ በኋላ። ስለዚህ የማኅተም ድርብ ያለባት የዚያ ዘመን ሳንቲም ላይ ጽሑፉ ሲደረብ ያቺ ፊደል ነጠላ ሆና ትቀራለች። የ1969 ኤስ ፔኒ ምሳሌ ናት። እውነተኛዋ በጣም ውድ ናት፤ ኤሷ ግን አልተደረበችም። በየገበያው የሚቀርቡት አብዛኞቹ ላይ ኤሷም ከዓመቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ተገፍታለች። መንቀጥቀጥ ነው፤ ሻጩን አመስግናችሁ እለፉ።

ማኅተም ሲያረጅም ፊደል ይደረባል። ያኛው ጭጋግ የለበሰ፣ ወደ ጠርዝ የሚፈስ መልክ አለው። ዋጋ የለውም።

ቅርጿ የተበላሸ

ከጎኗ የጨረቃ ቅርጽ ተቆርሶ የወጣ ሳንቲም ደስ ይላል። የሚፈጠረው ክቡ ሲቆረጥ ዝርጉ ብረት በደንብ ሳይገፋ ቀርቶ ቢላዋው ቀድሞ በተቆረጠ ቀዳዳ ላይ ሲያርፍ ነው። በሞረድ ወይም በመቀስ የተሠራውን ለመለየት ቁርጡን ሳይሆን ተቃራኒውን ጎን እዩ። እውነተኛ ከሆነች በትክክል ከቁርጡ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ደክሟል ወይም ጠፍቷል። ጠርዝ የሚነሣው ክቡ ከሁለት ወገን ሲጨመቅ ነው፤ አንዱ ወገን ጎዶሎ ሲሆን ሌላው የሚገፋበት ያጣል። እቤቱ በመቀስ የቆረጠ ሰው ይህን አያስብም። በቁርጡ አጠገብ ያሉት ፊደሎችም እውነተኛዋ ላይ ወደ ቁርጡ ትንሽ ይፈሳሉ፤ የተቆረጠችው ላይ ግን ፊደሉ እንደ ዳቦ ቀጥ ብሎ ተከፍሏል።

ዙሪያዋ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ፣ ፊደሎቿ ጠርዙ ሥር የተደበቁ ሳንቲም ደግሞ በየጊዜው ስህተት ተብላ ትቀርባለች። የልብስ ማድረቂያ ሥራ ናት። የላውንደሪ ማሽን ክፍተት ውስጥ ገብታ ለወራት ስትንከባለል ጠርዟ ይቀጠቀጥና ይወፍራል፤ ስፋቷ ይጠባል። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሳንቲም ከቀለበቱ ውጪ ከተመታች ትሰፋለች እንጂ አትጠብም።

ፊቷ ላይ የሌላ ሳንቲም ምስል ተገልብጦ የገባባት ስታገኙ ጀርባዋን ገልብጡ። ሁለት ሳንቲም ሞርሳ ውስጥ አስገብቶ ማጥበቅ የማንኛውም ጋራዥ ጨዋታ ነው። ሲጠብቅ ግን የገዛ ምስሏ እዚያው ላይ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ጀርባዋም ይዘረጋል። ሁለቱም ፊቷ አንድ ዓይነት የሆነች ሳንቲም ደግሞ በአስማተኞች ዕቃ መደብር ትሸጣለች። ከጠርዟ በውስጥ በኩል ዙሪያውን የሚሄድ ስፌት ፈልጉ። ጠረጴዛ ላይ ስትጥሏትም ድምፅዋ ደረቅ ነው።

ባለ ሁለት ብረት ሳንቲም፣ ማለት እንደኛ 1 ብር፣ እንደ 2 ዩሮ ያለች፣ መሃሏ ጠሞ ወይም ወጥቶ ስታዩ ምስሉን ተከተሉ። ሁለቱ ብረቶች የሚጣመሩት በዚያው ምት ነው። ስለዚህ መሃሉ ጠሞ ከተመታ ምስሉ በጠመመው ላይ ሳይቋረጥ ያልፋል። በመዶሻ የወጣ ከሆነ ግን መስመሩ መገናኛው ላይ ተቆርጦ ይቀራል።

ከመሃሏ እጅግ ርቃ የተመታች፣ ግማሽ ፊቷ ባዶ የሆነች ሳንቲም ሲሆን ብዙ ክርክር የለም፤ ማስመሰል ያስቸግራል። እዚያ ላይ ዋጋ የሚወስነው ዓመቱ መታየቱ ነው። ዓመቱ ከሌለ ዋጋዋ ያንሳል።

የጎደለ ፊደል፣ የጎደለ ዓመት

የ2005 የካንሳስ ኳርተር ላይ «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው የእንግሊዝኛ መፈክር «በእግዚአብሔር እንዝጋለን» ሆኖ የሚነበብባት አለች። ማኅተሙ ላይ «ትረስት» (መታመን) ከሚለው ቃል የመጀመሪያዋን ፊደል ቅባት ደፈናትና «ረስት» (መዛግ) ሆነ። ለሳቅ ትሸጣለች፤ ሀብት አታመጣም። በቅባት የጠፋ ፊደል ቦታው ለስላሳና ከአካባቢው ጋር አንድ ነው። የተፋቀ ከሆነ ቦታው ላይ ጭረት አለ፤ ብርሃን ሲያርፍበትም ለብቻው ያበራል።

ለንደን ያላችሁ የ2008ቷን 20 ፔንስ ታውቃላችሁ። ዲዛይኑ ሲቀየር ዓመቱ ከጀርባ ወደ ንግሥቲቱ ጎን መዛወር ነበረበት። አዲሱ ጀርባ ከአሮጌው የፊት ማኅተም ጋር ተገናኘና ዓመት የሌላቸው ሳንቲሞች ወጡ። ብዙዎች ታዲያ የንግሥቲቱን ፊት ብቻ አይተው «ዓመት የላትም!» ይላሉ። ገልብጧት። ጀርባዋ ጽጌረዳዋ ከሆነች አሮጌዋ ናት፤ ዓመቷም እዚያው አለ። የጋሻው ቁራጭ ከሆነና በሁለቱም በኩል ዓመት ከሌለ አገኛችኋት።

ታዲያ ምን ላድርጋት?

አታጥቧት። ሎሚ፣ አቼቶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ፓውደር ሁሉም ያበላሻሉ። ጠገራ ብር በአመድ እየፈተጉ ማብለጭለጭ እናቶቻችን ያስለመዱን ነው፤ ለአንገት ጌጥ ከሆነ ደግ። ለሰብሳቢ ግን የተፈተገች ሳንቲም የተላጠች ናት። መብራት ሥር ስትዘንብል በአንድ አቅጣጫ የሚሮጡ ፀጉር የሚያህሉ ጭረቶች ወዲያው ይታያሉ።

አንድ ነገር ብቻ ይለያል። ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ የከረመች ሳንቲም አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ቅባት ታወጣለች። ፕላስቲኩ ሲበሰብስ የሚለቀው ነው፤ ካልተነሣ ብረቱን ይበላል። ለሱ ንጹሕ አሴቶን ይሠራል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሽቶና ሌላ ነገር ስላለበት ይቅር፤ ከዕቃ መደብር ንጹሑን ግዙ። ብርጭቆ ውስጥ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ከእሳት ርቃችሁ ንከሯት፤ አትፈትጓት። ከዚያ በጠንካራ ፕላስቲክ አስቀምጧት። ላስቲክ አትሰሩባት፤ ላስቲክ ድኝ አለው፤ ብርን ያጠቁራል።

ወደ ባለሙያ መላክስ? ፒሲጂኤስ፣ ኤንጂሲና አናክስ የሚባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲም መርምረው በማሸጊያ ይመልሳሉ። ክፍያው ከነመላኪያው ለአንዲት ሳንቲም በአሥሮች ዶላር ይቆጠራል። ስለዚህ አምስት ዶላር ለምታወጣ ስንጥቅ ወይም አረፋ አይላክም። ሚዛን ላይ የተለየች፣ ንጣፏ የጎደለች፣ ወይም ከተመዘገበ የማኅተም ድርብ ጋር ነጥብ በነጥብ የገጠመች ስትሆን ግን ላኩ። ያለ ማሸጊያ ብትሸጧት ገዢው ጥርጣሬውን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል።

ከመላካችሁ በፊት ኢቤይ ላይ ዋጋ ስታዩ የተጠየቀውን አትዩ። የተራ ፔኒ 50 ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ሁሌም አለ፤ መጠየቅ በነጻ ነው። የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ተጫኑና የዚያኑ ዓመት፣ የዚያኑ ፊደል፣ የዚያኑ ስህተት ፈልጉ። ፎቶ ስታነሡ ደግሞ ሁለቱንም ፊትና ጠርዟን አንሡ፤ ሚዛን ላይ እንዳለች ቁጥሩ የሚነበብበት አንድ ፎቶም ጨምሩ። ልምድ ያለው ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ነው።